የኤሌክትሪክ ሙልንና መስክን በበይነተገናኝ ሲሙሌሽን ማስተማርና መማር፦ ለመምህራን፣ ለወላጆችና ለተማሪዎች የቀረበ ማብራሪያ

በሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ትምህርት ውስጥ ብዙ ተማሪዎች ከሚቸገሩባቸው ርዕሶች አንዱ የኤሌክትሪክ ሙልና መስክ ነው። የርዕሱ ይዘት በዓይን አይታይም፤ በእጅም አይዳሰስም። ቤተ ሙከራ በሌለባቸው ወይም መሣሪያዎቹ ባልተሟሉባቸው ትምህርት ቤቶች ደግሞ ችግሩ ይበረታል። ተማሪው ቀመሩን በቃሉ ይይዛል፤ ቀመሩ የሚናገርለትን ነገር ግን ሳያውቀው ክፍሉን ያልፋል።

ይህ ማብራሪያ ያለ ክፍያ የሚገኙ በይነተገናኝ ሲሙሌሽኖችን በመጠቀም ርዕሱን እንዴት ማስተማርና መማር እንደሚቻል ይገልጻል። ምን እንደሚያስፈልግ፣ የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት በምን ቅደም ተከተል ሊካሄድ እንደሚችል፣ በየደረጃው ምን ዓይነት ውጤት እንደሚጠበቅና ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ጉዳዮች የትኞቹ እንደሆኑ በዝርዝር ቀርቧል።

1. ርዕሱ ለምን ይከብዳል?

በተለምዶ ቻርጅ የምንለው የኤሌክትሪክ ሙል የቁስ አካል መሠረታዊ ባሕርይ ነው። አዎንታዊና አሉታዊ የሚባሉ ሁለት ዓይነት ሙሎች አሉ። ተመሳሳይ ሙሎች ይገፋፋሉ፤ ተቃራኒዎች ይሳሳባሉ። የሙል መለኪያ ኩሎምብ ሲሆን ስያሜውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1785 በሙሎች መካከል ያለውን ኃይል በሙከራ ለክቶ ካረጋገጠው ፈረንሳዊ የፊዚክስ ሊቅ ከሻርል ኩሎምብ ነው። ኩሎምብ እንዳሳየው ኃይሉ ከሁለቱ ሙሎች ብዜት ጋር ቀጥተኛ ምጥጥን፣ ከርቀታቸው ካሬ ጋር ደግሞ ተገላቢጦሽ ምጥጥን አለው።

እስከዚህ ያለውን ተማሪዎች ብዙ ሳይቸገሩ ይረዱታል። ችግሩ የሚጀምረው «መስክ» የሚለው ጽንሰ ሐሳብ ሲመጣ ነው። የኤሌክትሪክ መስክ ማለት አንድ ሙል በዙሪያው ባለው ቦታ ሁሉ ላይ የሚፈጥረው ተጽዕኖ ነው። በአንድ ነጥብ ላይ ያለው የመስክ መጠን፣ በዚያ ነጥብ አንድ ኩሎምብ አዎንታዊ ሙል ቢቀመጥ የሚያርፍበትን ኃይል ያመለክታል። እዚህ ላይ ተማሪው ሦስት ነገሮችን በአንድ ጊዜ በአእምሮው መሳል አለበት፦ መስኩ በሁሉም ቦታ መኖሩን፣ በየነጥቡ መጠንና አቅጣጫ ያለው መሆኑን፣ ከርቀት ጋር በፍጥነት መቀነሱን። በሰሌዳ ላይ የሚሳሉ ጥቂት ቀስቶች ይህን ሁሉ ለማሳየት አይበቁም።

በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚሰጥ መሆኑም ሌላ ሸክም ይጨምራል። ተማሪው አዲሱን ሐሳብና አዲሱን ቃል በአንድ ጊዜ እንዲማር ይገደዳል። ነገሩን በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ አንቀሳቅሶ፣ በራሱ ቋንቋ ከጓደኞቹ ጋር ተወያይቶ ወደ እንግሊዝኛው ቃል ቢሄድ ሸክሙ ይቀልለታል።

2. በይነተገናኝ ሲሙሌሽን ምንድን ነው?

ሲሙሌሽን አንድን ተፈጥሯዊ ክስተት በኮምፒውተር ወይም በስልክ ስክሪን ላይ አስመስሎ የሚያሳይ ፕሮግራም ነው። በይነተገናኝ የሚባለው ተጠቃሚው ነገሮችን ማንቀሳቀስ፣ መጨመርና መቀነስ፣ መለካትም ስለሚችልና ፕሮግራሙም በፊዚክስ ሕግ መሠረት ወዲያውኑ ምላሽ ስለሚሰጥ ነው። ከቪዲዮ የሚለየውም በዚህ ነው። ከዓመታት በፊት በፕላዝማ ቴሌቪዥን የተማሩ ዜጎች ልዩነቱን በቀላሉ ይረዱታል፦ የቴሌቪዥኑን ትምህርት ተማሪው ይከታተለዋል እንጂ አያቆመውም፣ አይጠይቀውም። በሲሙሌሽን ግን «ይህን ሙል እዚህ ባደርገውስ?» ብሎ የጠየቀ ተማሪ መልሱን ራሱ ያገኛል።

ለዚህ ርዕስ በዓለም ዙሪያ በስፋት ጥቅም ላይ የዋሉት ፌት በመባል የሚታወቁት ሲሙሌሽኖች ናቸው። ፕሮጀክቱን እ.ኤ.አ. በ2001 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ካርል ዋይማን በ2002 በአሜሪካ በሚገኘው ኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ መሥርተውታል። ከዚህ ርዕስ ጋር የሚገናኙት ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው፦

• ፊኛና የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ፦ ፊኛን በሹራብ በማሸት አሉታዊ ሙል ከሹራቡ ወደ ፊኛው ሲሻገር፣ ከዚያም ፊኛው ከግድግዳ ጋር ሲጣበቅ ያሳያል። ለጀማሪዎች የሚመረጥ ነው።

• የኩሎምብ ሕግ፦ በሁለት ሙሎች መካከል ያለው ኃይል በሙል መጠንና በርቀት እንዴት እንደሚለዋወጥ ያሳያል።

• ሙሎችና መስኮች፦ ሙሎችን በፈለጉበት ቦታ በማስቀመጥ የመስኩን አቅጣጫና መጠን እንዲሁም ቮልቴጅን ለመለካት ያስችላል። ይህ ማብራሪያ በዋናነት የሚያተኩረው በዚህኛው ላይ ነው።

3. ከመጀመርዎ በፊት የሚያስፈልጉ ነገሮች

• አንድ ኮምፒውተር፣ ታብሌት ወይም ስማርት ስልክ። ሲሙሌሽኖቹ በማንኛውም ዘመናዊ የኢንተርኔት ማሰሻ ላይ ይከፈታሉ።

• ለመጀመሪያ ጊዜ ለመክፈት ወይም ፋይሉን ለማውረድ የሚያስፈልግ የኢንተርኔት ግንኙነት። ወደ ኮምፒውተር የወረደ ፋይል ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ በፍላሽም ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላ ሊተላለፍ ይችላል።

• ደብተርና እርሳስ። ውጤትን በሠንጠረዥ መመዝገብ የትምህርቱ አካል ነው።

• ለአንድ መሣሪያ ከአራት እስከ አምስት ተማሪዎች። አንዱ ያንቀሳቅሳል፣ አንዱ ንባቡን ይናገራል፣ አንዱ ይመዘግባል፣ የቀሩት ግምት ይሰጣሉ፤ ከዚያም ቦታ ይለዋወጣሉ።

መሣሪያው አንድ ብቻ ከሆነ መምህሩ በፕሮጀክተር እያሳዩ ተማሪዎች ግምታቸውን በደብተር እንዲጽፉ ማድረግ ይቻላል። መብራት ሊጠፋ እንደሚችል ታሳቢ በማድረግ መሣሪያውን አስቀድሞ ቻርጅ ማድረግና የስክሪኑን ምስል በሰሌዳ ላይ ለመሳል መዘጋጀት ይመከራል።

4. የአንድ ክፍለ ጊዜ ቅደም ተከተል

የሚከተለው ቅደም ተከተል «ሙሎችና መስኮች» በተባለው ሲሙሌሽን ለ40 ደቂቃ ያህል የሚበቃ ነው። በእያንዳንዱ ደረጃ ተማሪዎች መጀመሪያ ግምታቸውን ይጻፉ፤ ከዚያ በኋላ ይለኩ። ግምቱን ሳይጽፍ ውጤቱን ያየ ተማሪ «አውቄው ነበር» ይላል፤ የተሳሳተ ግምቱን በደብተሩ ያየ ተማሪ ግን «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል።

ደረጃ 1፦ ከመሣሪያው ጋር መተዋወቅ (5 ደቂቃ)። በስክሪኑ ላይ ቀይ አዎንታዊና ሰማያዊ አሉታዊ ሙሎች እንዲሁም ቢጫ ሴንሰሮች ይገኛሉ። የእያንዳንዱ ሙል መጠን 1 ናኖ ኩሎምብ፣ ማለትም የኩሎምብ አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ይህ መጠን ትንሽ ቢመስልም 6.24 ቢሊዮን ገደማ የሚሆኑ ኤሌክትሮኖች ከሚይዙት ሙል ጋር እኩል ነው። አንድ ቀይ ሙል ወደ መሐል ይጎትቱ። በዙሪያው የሚታዩት ቀስቶች የመስኩን አቅጣጫ ያመለክታሉ። ቀስቶቹ ርዝመታቸው አንድ ዓይነት ነው፤ የመስኩን ብርታት የሚያሳየው ድምቀታቸው ነው። ተማሪዎች ይህን ልብ እንዲሉ ማድረግ ያስፈልጋል።

ደረጃ 2፦ መስክና ርቀት (10 ደቂቃ)። እሴቶችን የሚያሳየውን ሳጥን ምልክት ያድርጉና ሴንሰሩን ከሙሉ 1 ሜትር ርቀት ላይ ያስቀምጡ። ርቀቱን በሲሙሌሽኑ ውስጥ በሚገኘው ሜትር መለካት ይቻላል። ንባቡ በሜትር 9 ቮልት ገደማ ይሆናል። ቀጥሎ «ርቀቱ 2 ሜትር ቢሆን ንባቡ ስንት ይሆናል?» ብለው ይጠይቁ። ብዙዎች 4.5 ይላሉ። ሴንሰሩ ግን 2.25 ያሳያል። በ3 ሜትር 1 ይሆናል፤ በግማሽ ሜትር ደግሞ ወደ 36 ከፍ ይላል። ተማሪዎች ርቀት በእጥፍ ሲጨምር መስኩ ወደ አንድ አራተኛ፣ በሦስት እጥፍ ሲጨምር ወደ አንድ ዘጠነኛ እንደሚወርድ ከሠንጠረዣቸው ራሳቸው እንዲያወጡት ጊዜ ይስጧቸው። ቀመሩ በሰሌዳ ላይ መጻፍ ያለበት ከዚህ በኋላ ነው።

ደረጃ 3፦ ሁለት ተመሳሳይ ሙሎች (8 ደቂቃ)። ሁለት አዎንታዊ ሙሎችን በ2 ሜትር ርቀት ያስቀምጡ። በሁለቱ መካከል እኩሌታ ላይ መስኩ ስንት ነው? አንዱ ሙል ወደ ቀኝ 9፣ ሌላው ወደ ግራ 9 ስለሚፈጥር ድምሩ ዜሮ ነው። አሁን ሴንሰሩን ከመሐለኛው ነጥብ ቀጥ ብሎ 1 ሜትር ወደ ላይ ያንሱት። በዚህ ቦታ እያንዳንዱ ሙል ለብቻው 4.5 ይፈጥራል፤ ተማሪው ሁለቱን ደምሮ 9 ሊል ይችላል። ሴንሰሩ የሚያሳየው ግን 6.4 ገደማ ነው። ልዩነቱ የመጣው ሁለቱ መስኮች አቅጣጫቸው የተለያየ ስለሆነ ነው፤ ወደ ጎን የሚሄደው ክፍላቸው ይጣፋል፣ ወደ ላይ የሚሄደው ብቻ ይደመራል። ቬክተር እንደ ቁጥር እንደማይደመር ከዚህ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል።

ደረጃ 4፦ ሁለት ተቃራኒ ሙሎች (7 ደቂቃ)። ከሁለቱ አንዱን በሰማያዊ ሙል ይተኩ። አሁን በመካከለኛው ነጥብ መስኩ 18 ይሆናል፤ አቅጣጫውም ከአዎንታዊው ወደ አሉታዊው ነው። ቀደም ሲል የተጣፉት ሁለት መስኮች አሁን በአንድ አቅጣጫ ስለሚሄዱ ተደምረዋል።

ደረጃ 5፦ መስክና ቮልቴጅ (10 ደቂቃ)። የቮልቴጅ መለኪያውን አውጥተው በዚያው መካከለኛ ነጥብ ላይ ያስቀምጡት። ንባቡ ዜሮ ነው፤ መስኩ ግን 18 ነበር። ወደ ደረጃ 3 ተመልሰው ሁለቱንም ሙሎች አዎንታዊ ያድርጓቸው፤ በመካከለኛው ነጥብ መስኩ ዜሮ ሆኖ ሳለ ቮልቴጁ 18 ቮልት ይሆናል። ይህ ውጤት «መስክ በሌለበት ቮልቴጅ የለም» የሚለውን የተሳሳተ ግንዛቤ ያርማል። መስክ አቅጣጫ ስላለው ይጣፋል፤ ቮልቴጅ አቅጣጫ ስለሌለው በምልክቱ ብቻ ይደመራል። በመጨረሻ በመለኪያው ላይ ባለው እርሳስ እኩል ቮልቴጅ ያላቸውን ነጥቦች የሚያገናኙ መስመሮችን ይሳሉ። በአንድ ሙል ዙሪያ መስመሮቹ ክብ ይሆናሉ፤ የመስኩ ቀስቶችም ሁልጊዜ መስመሮቹን በቀጥተኛ አንግል ያቋርጣሉ።

5. ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ነጥቦች

ሲሙሌሽን እውነታን ያቀልላል፤ ስለዚህም ካልተጠነቀቁ አዲስ የተሳሳተ ግንዛቤ ሊፈጥር ይችላል።

• በ«ሙሎችና መስኮች» ውስጥ ሙሎቹ የተቀመጡበትን ቦታ አይለቁም። በእውኑ ዓለም ግን ነፃ የሆኑ ሙሎች ይገፋፋሉ ወይም ይሳሳባሉ። መምህሩ ይህን በግልጽ መናገር አለባቸው።

• ቀስቶቹ የሚታዩት በተወሰኑ ነጥቦች ላይ ነው። በቀስቶቹ መካከል ባለው ቦታም መስክ መኖሩን ተማሪዎች ሴንሰሩን እያንቀሳቀሱ ያረጋግጡ።

• ስክሪኑ ጠፍጣፋ ነው፤ መስኩ ግን ወደ ሁሉም አቅጣጫ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ይዘረጋል።

• በፊኛው ሲሙሌሽን የሚንቀሳቀሱት አሉታዊ ሙሎች ብቻ መሆናቸው ትክክል ነው። በማሸት ጊዜ የሚሻገሩት ኤሌክትሮኖች ናቸው፤ አዎንታዊዎቹ ፕሮቶኖች በአቶሙ እምብርት ውስጥ እንደታሰሩ ይቀራሉ።

ሲሙሌሽን ለተግባር ሙከራ ደጋፊ እንጂ ምትክ አይደለም። ደረቅ ፀጉርን በፕላስቲክ ማበጠሪያ አበጥሮ ወደ ትናንሽ የወረቀት ቁርጥራጮች ማስጠጋት ምንም ወጪ የለውም። ወረቀቶቹ ዘለው ሲጣበቁ ያየ ተማሪ፣ በስክሪኑ ላይ የሚያየው ከእውነት የመጣ መሆኑን ያምናል። ሙከራው በበጋ፣ አየሩ ደረቅ ሲሆን፣ የተሻለ ይሠራል፤ በክረምት እርጥበቱ ሙሉን ቶሎ ስለሚያሸሸው ላይሳካ ይችላል። ባይሳካም ምክንያቱን መጠየቅ ራሱ ትምህርት ነው።

6. ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ለሲሙሌሽኑ መመዝገብ ወይም መክፈል ያስፈልጋል?
መልስ፦ በኢንተርኔት ማሰሻ ለመጠቀም ክፍያም ሆነ ምዝገባ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ በአማርኛ ወይም በሌላ የአገራችን ቋንቋ ይገኛል?
መልስ፦ ፕሮጀክቱ በብዙ ቋንቋዎች የተተረጎሙ ሲሙሌሽኖች ያሉት ሲሆን የትርጉሙ ሁኔታ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። በእያንዳንዱ ሲሙሌሽን ሥር የቋንቋዎች ዝርዝር አለ። የፈለጉት ቋንቋ ከሌለ የእንግሊዝኛውን መጠቀም ይቻላል፤ በስክሪኑ ላይ ያሉት ቃላት ጥቂት ስለሆኑ መምህሩ አስቀድመው ሊያስረዷቸው ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ልጄ ስልክ ይዞ «እየተማርኩ ነው» ሲል እንዴት ላረጋግጥ?
መልስ፦ ደብተሩን እንዲያሳይዎ ይጠይቁት። ግምትና ውጤት የተመዘገበበት ሠንጠረዥ ካለ ተምሯል። ፊዚክስ ባይማሩም «ሙሉን ብታርቀው ምን ይሆናል? ለምን?» ብለው ይጠይቁ፤ ለወላጅ በቀላል ቋንቋ ማስረዳት የቻለ ተማሪ ነገሩን ገብቶታል።

ጥያቄ፦ ፈተና ላይ የሚመጣው ስሌት ነው፤ ይህ ጊዜ ማባከን አይሆንም?
መልስ፦ ስሌቱን መለማመድ አሁንም ግዴታ ነው። ሆኖም በፈተና ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱት በማባዛትና በማካፈል ሳይሆን አቅጣጫን በመዘንጋት፣ የርቀትን ካሬ ባለመውሰድና መስክን ከቮልቴጅ ጋር በማደባለቅ ነው። ሲሙሌሽኑ የሚያርመው እነዚህን ነው። ተማሪው በወረቀት ያሰላውን በሴንሰሩ ማረጋገጥም ይችላል።

ጥያቄ፦ ሲሙሌሽኑ ላይ አደጋ አለ?
መልስ፦ በስክሪኑ ላይ የለም። ነገር ግን ተማሪዎች ያዩትን በቤት ውስጥ በኤሌክትሪክ መስመር ወይም ሶኬት ላይ ፈጽሞ እንዳይሞክሩ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። በቤት ሊሞከር የሚችለው እንደ ማበጠሪያና ወረቀት ያለው የማሸት ሙከራ ብቻ ነው።

7. ትምህርቱ ከክፍል ውጭ ያለው ጥቅም

የኤሌክትሪክ መስክን መረዳት ለፈተና ብቻ የሚያስፈልግ አይደለም። መብረቅ በደመናና በምድር መካከል ወይም በደመናዎች መካከል የተከማቸ ሙል በድንገት የሚለቀቅበት ክስተት ነው። መስኩ እጅግ ሲበረታ፣ በደረቅ አየር በሜትር 3 ሚሊዮን ቮልት ገደማ ሲደርስ፣ አየሩ ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ይጀምራል። መስኩ ከፍ ብለው በቆሙና ሹል በሆኑ ነገሮች ጫፍ ላይ ይበረታል። በክረምት ነጎድጓድ ሲሰማ በሜዳ ብቻውን በቆመ ዛፍ ሥር መጠለል የሚያሰጋውም በዚህ ምክንያት ነው። ከኮረብታ አናት፣ ከውኃና ከገላጣ ሜዳ መራቅ፣ ወደ ጠንካራ ሕንፃ ወይም መስኮቱ ወደተዘጋ መኪና መግባት ይገባል። የብረት አካል ያለው መኪና የሚከላከለው ጎማው ስለሚያግድ ሳይሆን ሙሉ በብረቱ የውጭ ገጽ ላይ ስለሚፈስ ነው።

ከብት ጠባቂ የሆነ ተማሪ ይህን ትምህርት ከክፍል ይዞ ወደ መስክ ሲወጣ፣ ዛፉን ትቶ ወደ ቤት የሚሮጠው «ተብሏል» ብሎ ሳይሆን ምክንያቱን አውቆ ይሆናል። ለታናናሾቹም ሊያስረዳቸው ይችላል።

ማጠቃለያ

ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት ሁሉ በአንድ ጊዜ ቤተ ሙከራ ላይኖረው ይችላል። አንድ ስልክ፣ አንድ የወረደ ፋይልና የተዘጋጀ መምህር ግን በብዙ ቦታ ሊገኙ ይችላሉ። መምህራን ከላይ የተዘረዘረውን ቅደም ተከተል ከክፍላቸው ሁኔታ ጋር አስማምተው እንዲጠቀሙበት፣ የወረዱ ፋይሎችን ለአጎራባች ትምህርት ቤቶች እንዲያካፍሉ፣ ወላጆችም የልጆቻቸውን ደብተር እንዲከታተሉ ይበረታታል። ተማሪዎች ደግሞ ከሁሉ በፊት አንድ ልማድ እንዲይዙ ይመከራል፦ መጀመሪያ መገመት፣ ቀጥሎ መለካት፣ ግምቱ ካልሠራ ምክንያቱን መጠየቅ።